ዓይኔን ግንባር ያርገው

ሸዋወርቅ ክፉ ነገር ከመምጣቱ በፊት ደጅ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ልጇ ንዋይ ሶደሬ ውሎ የሚመለስበት አውቶቡስ ትንሽ ከዘገየ፣ በልቧ መኪናውን ገደል ትከታለች፣ ሬሳውን ታወጣለች፣ ድንኳን ታስተክላለች፣ ለቀስተኛውንም ሸኝታ ትጨርሳለች። ንዋይ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ሲከፍት ፊቷን አይቶ ይስቃል።

«ዛሬስ በምን ገደልሽኝ?»

«ዝም በል! አፍህን ያዝ!»

«በአዞ ነው? ባለፈው ሳምንት በአዞ ነበር።»

«አዋሽ ዳር አትቁም አልኩህ እንጂ በአዞ አላልኩም» ትላለች፤ ግን በአዞ ነበር።

እንዲህ ያደረጋት የአባቱ ነገር ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን ከአሰብ ሲመለስ መተሐራ አጠገብ ቀረ። ያን ቀን ለሸዋወርቅ ምንም አልታያትም። ልብስ እያጠበች፣ ለራሷ እያንጎራጎረች ነበር መርዶው የደረሰባት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አመነች፤ ሰውን የሚመታው ያላሰበው ነው፣ አስቦ የጠበቀው አይደርስበትም። ስለዚህ ሁሉንም ታስባለች። ባቡሩን፣ አዞውን፣ የወባ ትንኙን፣ ቀበሌውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጦርነቱን።

ጊዜው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ናዝሬት ውስጥ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ጆሮዋ ቀበሌው በር ላይ የተንጠለጠለበት ዘመን። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ነገር በየዙሩ ይመጣል፤ ጎረምሳ ይሰበስባል፤ ሰሜን ይወስዳል። ከሄዱት የሚመለስም አለ፣ ሸዋወርቅ ግን የተመለሰ አይታያትም።

ንዋይ ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው። ሶደሬ ፍል ውሃ ሊዝናኑ የሚመጡትን ሙሽሮች፣ ለጉልበታቸው መታጠብ የታዘዘላቸውን ሽማግሌዎች፣ ልጆቻቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ሰዎች ያነሳል። ካሜራው ዜኒት የሚባለው የሩሲያ ካሜራ ነው። ራሱ የሚያደርገው ምንም ነገር የለም፤ ሰውየው ቀለበቱን በእጁ እያዞረ፣ በዓይኑ እያየ፣ ምስሉ ጥርት ሲልለት ነው የሚጫነው። ፊልሙን ከተማ ያለው ፎቶ ቤት ያጥብለታል። ሸዋወርቅ ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስለምትሰፋ፣ መቀሷ ስል ነው፤ የታጠበውን ፎቶ ተቀብላ ጠርዙን የምትከረክመውና ፖስታ ውስጥ የምትከተው እሷ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ፎቶዎቹ እየደበዘዙ መምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ደህና ይሆናል፣ አንዳንዱ ግን ሰዎቹ ከወተት ውስጥ የወጡ ይመስላሉ።

«እኛ እኮ ዋና ነው የዋኘነው» አለች አንዲት የደብረ ዘይት ሴትዮ ፖስታውን እየመለሰች፣ «አንተ ግን ጭስ ውስጥ ነው ያቆምከን።»

የፎቶ ቤቱም ሰው ሸዋወርቅን፣ «ልጅዎ ሌንሱን ይፈትሽ። የፍል ውሃ እንፋሎት መስታወት ውስጥ ገብቶ ሻጋታ ያበቅላል» አላት።

ንዋይም ተስማማ። «እውነቱን ነው፣ እማ። በካሜራው ሳይ ጉም ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብሳል። ሌንሱ አልቆለታል፤ ሌላ አሮጌ ልፈልግ።»

አሮጌ ሌንስ የሚገኘው አብዱናሲር ዘንድ ነው። አብዱናሲር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሬዲዮ ይጠግናል። ከመደርደሪያው ሥር ግን ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ዕቃ፣ ሩሲያና ምሥራቅ ጀርመን ተምረው የተመለሱ ልጆች የሸጡለትም ዕቃ አለ። ሸዋወርቅ አብራው ሄደች። «ያታልሉሃል» ብላ ነው ለእሱ የነገረችው፤ እውነቱ ግን እናቱን ያስከተለ ጎረምሳ መንገድ ላይ አይታፈስም ብላ አስባ ነው።

«እትዬ ሸዋወርቅ! እንዴት ዋሉ? ምነው፣ ልጁን ሐኪም ቤት የሚወስዱት መሰሉ?»

«ክፉ አታውራ፣ አብዱናሲር። ደህና ሌንስ ስጠውና እንሂድ።»

አብዱናሲር ፎጣ አነጠፈና ሦስት ሌንሶች ደረደረ። አንዱን በአንዱ እያስጠጋ እንደ ልጆቹ አስተዋወቃቸው። «ይኼ አጭሩ ሠላሳ አምስት ነው፤ ሰፊ ነው የሚያየው። ቤተሰቡን በሙሉ፣ አማቲቱን ሳይቀር ያስገባልሃል። ይኼ ረጅሙ መቶ ሠላሳ አምስት፤ ሩቁን ያመጣል። ይኼ መካከለኛው ሃምሳ ስምንት ነው። ይኼ አያሰፋም፣ አያቀርብም፤ ልክ እንደ ሰው ዓይን ነው።»

«ረጅሙን አንሳልኝ ከዚህ!» አለች ሸዋወርቅ። «መትረየስ አይደለም እንዴ! ይኼን ይዞ ድልድይ አጠገብ ቢቆም ምን ሊሉት ነው?»

«ምን ይሉታል፣ እትዬ፤ እርስዎ ፈርደው ጨርሰዋል እኮ!»

ንዋይ ሳቀ። አጭሩን አነሳና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። በአንድ ዓይኑ አስተውሎ አየ።

«ይኼ ጉም አለው።»

«ጉም? የትኛው ጉም?»

ረጅሙንም አነሳ። «ይኼም አለው። የባሰ ነው።»

አብዱናሲር ከወንበሩ ተነሳ። «ንዋይ፣ ዛሬ ጠዋት በኮሎኝ የጠረግኩት ነው! አምጣው እስቲ።» ተቀብሎ አየና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ እንደ ምንጭ ውሃ ነው» አለ።

«ዕቃህ ስለሆነ ነው፣ ጋሽ አብዱ። የራስ ዕቃ ጉም የለበትም።»

በመጨረሻ መካከለኛውን መረጠ። ይኼኛው አፉ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑ ሲበዛ ጉሙ ቀለል አለለት። የድሮውን ሌንስ ለአብዱናሲር ተወለትና በልዋጭ ያዘው። አብዱናሲር ቅር እንዳለው ቢያስታውቅም ነጋዴነቱ አልጠፋም፤ ሌንሱን ካሜራው ላይ ራሱ ጠመዘዘለት።

«ይኼን ቀለበት እየው። እስከ መጨረሻው ስታዞረውና እምቢ ሲልህ፣ ልክ አንድ ክንድ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ ርቀት ላይ ያለውን ፊት ጥርት አድርጎ ያነሳል። ዓይንህን ጨፍነህም ቢሆን!»

ሲወጡ ንዋይ በግራው በኩል የተደረደሩትን ሬዲዮዎች በክርኑ ገፍቶ አንዱን ጣለ።

«ኧረ ግራህን እይ! ሌንስ ሊገዛ መጥቶ ሬዲዮ ያስከፍለኛል እንዴ ይኼ ልጅ!» አለ አብዱናሲር። ሦስቱም ሳቁ። ሸዋወርቅ ያንን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታወሰችው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ኢተፋ መጣ። ኢተፋ የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ከእነሱ ቤት ጎን ያደገ፣ ጠመንጃ መያዙ ራሱን የሚያሳፍረው ሰው። «አካም ቡልተን፣ እትዬ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ግባ ብትለው አልገባም።

«ዙር ሊመጣ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የንዋይ ስም ተይዟል። እኔ እንደነገርኩዎት እንዳይናገሩ።»

ሸዋወርቅ የልብስ ስፌት መኪናውን ጠርዝ ያዘች። ይኼን ቀን ስንት ጊዜ አስባው ነበር! አስባው ነበር እኮ፤ ታዲያ እንዴት መጣ?

«ምን ይሻላል፣ ኢተፋ? ልደብቀው?»

«የት ይደብቁታል? ቢያገኙት ለእርስዎም ለእሱም የባሰ ነው። ደግሞ ሁሉም አይሄድም፤ ሐኪም ያያቸዋል። ጉድለት ያለበትን ይመልሳሉ። የወይዘሮ ሎሚ ልጅ ባለፈው ዙር በምን ተመለሰ? በዓይኑ አይደል?»

ሄደ። ሸዋወርቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ምን ታድርግ፣ እጅ ባዶውን ሲሆን ሐሳብ ይበዛል። ከፎቶ ቤት የመጡትን የሶደሬ ፎቶዎች መከርከም ጀመረች። በአዲሱ ሌንስ የተነሱ ናቸው። እነሱም ደብዛዛ። ሙሽሪት ከነቬሏ የሳሙና አረፋ መስላለች፤ የሙሽራው አፍንጫ ከጉንጩ አይለይም። ሸዋወርቅ ልትጥለው ስትል መቀሷ ቆመ።

ከሙሽሮቹ ኋላ፣ ግራሩ ላይ፣ አንዲት ጦጣ ተቀምጣለች። ጦጣዋ ደብዛዛ አይደለችም። የጢሟ ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል፤ የያዘችው የሙዝ ልጣጭ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ሳይቀሩ። ሸዋወርቅ ሌላ ፎቶ አነሳች። ሁለት ልጆች ያሉት ሰውዬ ጉም ውስጥ ቆሟል፤ ከኋላው ያለው ሰሌዳ ላይ ግን «ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው መዋኘት ክልክል ነው» የሚለው እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ሌላ አነሳች። ሰዎቹ ብዥታ፤ ከእነሱ ማዶ የተሰጣው ፎጣ ክሩ ይቆጠራል።

ሌንስ ሻጋታ ቢይዘው ኖሮ ሁሉንም ነበር የሚያደበዝዘው። ይኼ ሌንስ ግን ያያል። ጥርት አድርጎ ያያል። የሚያየውን ቦታ የሚመርጥለት ነው የሳተው።

ተነሳችና ካሜራውን ከሚስማሩ አወረደች። ሌንሱን አብዱናሲር ሲያደርግ እንዳየችው ጠምዝዛ አወጣችው፤ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችበት። አንድም ጉም የለም። ውሃ ነው።

ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣላት፣ «ልጄ! ዓይኑ!» የሚል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ እንደ ሌባ በጓሮ ገባ። የሎሚ ልጅ በዓይኑ አይደል የተመለሰው?

በልቧ ክርክር ጀመረች። ዓይን ይታከማል። መነጽር አለ፣ ጠብታ አለ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ሐኪም አለ። ከሰሜን ግን ማን ይታከማል? ዛሬ ሐኪም ዘንድ ብትወስደው ነገ ያድኑታል፤ ከነገ ወዲያ ደኅና ዓይን ያለው ወታደር ሆኖ መኪና ላይ ይሳፈራል። ዙሩ ይለፍ ብቻ። ዙሩ ባለፈ ማግስት እጁን ይዛ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ ትወስደዋለች። ጦጣዋ ያለችበትን ፎቶና ሰሌዳውን፣ ፎጣውንም፣ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው።

ያን ዕለት ንዋይ፣ ካሜራውን ትቶ የፎቶ ዕዳ ሊሰበስብ ከሄደበት ከሶደሬ ሲመለስ፣ አልሳቀም። «በምን ገደልሽኝ» አላለም። ቁጭ ብሎ ዓይኑን አሸ።

«እማ፣ ወይስ ዓይኔ ይሆን?»

«ምኑ?»

«ጉሙ። መብራት ስታበሪ በመብራቱ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል። ጠዋት ደግሞ ግንባሬን ያመኛል። ነገ ሥራ ቀርቼ ጤና ጣቢያ ልሂድ መሰለኝ።»

ሸዋወርቅ እንደ ዋዛ ሌንሱን አንስታ በመስኮቱ አየችበት። የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያለው ሚስማር ሁሉ ታያት።

«ዓይንህ ምን ሆነና? ሌንሱ ነው። ጉም ይዞታል፤ ይኸው ይታየኛል።»

«እውነት?»

«እውነት።»

«ማይልኝ።»

ይኼ የቆየ ልማዳቸው ነው። ልጅ ሳለ ኪኒን ስትሰጠው፣ «አይመርም» ስትለው፣ «ማይልኝ» ይላታል። እሷም ትምላለች፤ እሱም ይውጣል። ሲመረው ይስቅባታል። ገበያ ሄዳ በሽንኩርት ዋጋ ስትከራከርም፣ ከጎረቤት ጋር ስታወጋም አፏ ላይ የማይጠፋ መሐላ አላት። ሳታስበው ነው የምትለው፤ ጨው አቀብዪኝ እንደ ማለት ነው። ያን ዕለትም ወጣ።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ንዋይ እፎይ አለ። «እንግዲያው ጋሽ አብዱ አታሎኛል» አለና ራቱን በላ። ጤና ጣቢያውም ቀረ።

በሸዋወርቅ ጆሮ ውስጥ ግን የገዛ ቃሏ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው ትርጉሙን አስባው አታውቅም ነበር፤ ዓይኔ ይጥፋ፣ እንደ ግንባሬ ልሙጥ ይሁን ማለት ነው። ደግሞም ግንባር ስትል የታያት ከቅንድቧ በላይ ያለው አልነበረም። ልጆች በመኪና ተጭነው የሚሄዱበት፣ ሬዲዮው ማታ ማታ የሚያወራለት ሌላው ግንባር ነበር።

ወደ አብዱናሲር ተመለሱ። አብዱናሲር ሌንሱን አየ፣ ንዋይን አየ፣ ሸዋወርቅን አየ። ሌላ ሌንስ አወጣ። ንዋይ አየበትና እናቱን ጠየቀ፤ «ይኼስ?»

«ጉም ነው» አለች።

ሌላ ወጣ። «ይኼስ?»

«ይኼም።»

ንዋይ ሽንቱን ሊሸና ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ አብዱናሲር ፎጣውን አጠፈና ወደ እሷ ጎንበስ አለ። አሁን አይቀልድም።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በለኝ፣ ወንድሜ። ዙሩ ይለፍ።»

አብዱናሲር ገባው። የእሱም ልጅ ባለፈው ዓመት ሄዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰነባብቷል። የታጠፈውን ፎጣ ዘርግቶ እንደገና አጠፈው።

«እኔ ሌንስ ሲበላሽ ልዋጭ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ለዓይኑ ግን የለኝም።»

«አውቃለሁ። ጥቂት ቀን ነው።»

ጥቂት ቀን አልሆነም። ዙሩ በሐምሌ ነው ተባለ፤ ሐምሌ መጣና ዝናብ ነው ተብሎ ለነሐሴ ተላለፈ። ነሐሴ ሲመጣ ከመስከረም በዓል በኋላ ነው ተባለ። በየጊዜው ሸዋወርቅ ሻንጣ ታዘጋጃለች፣ የአውቶቡሱን ሰዓት ትጠይቃለች፣ ከዚያ ኢተፋ በበሩ አጠገብ ሲያልፍ ራሱን ይነቀንቃል፤ ገና ነው ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። አንድ ጊዜ ንዋይ በግራው የነበረውን የውሃ ጀሪካን ሳያየው ተደናቅፎ ሲወድቅ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሶደሬ ያሉት ባልደረቦቹ «ጉሙ» የሚል ስም እንዳወጡለት ነግሯት ሲስቅ። ሁለቱንም ጊዜ ሰሜን ታያት፤ አፏን መልሳ ዘጋች። እሱም ያንኑ መካከለኛውን ሌንስ እየጠረገ፣ እየወለወለ፣ በኮሎኝ እያሸ ወራቱን አሳለፈ። መስታወቱ ከመወልወል ብዛት ያብረቀርቅ ነበር።

ዙሩ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ጎረምሶቹን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰበሰቧቸው። እናቶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ሸዋወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰች። ከቀትር በኋላ ንዋይ ብቻውን በበሩ ወጣ። እጁን አጥሩ ላይ እያስደገፈ ነበር የሚሄደው።

«መለሱኝ» አላት።

ሸዋወርቅ እልል ልትል ስትል ዙሪያዋን የቆሙትን ሴቶች አየችና ድምፅዋን ዋጠችው። መሬት ተንበርክካ አፈሩን ሳመች። ስትነሳ ልጇ እንዳልተነቃነቀ አየች።

«እማ፣ ሐኪሙ ቀኝ ዓይኔን ሸፈነና ስንት ጣት ነው አለኝ። የምን ጣት አልኩት። እጁ ፊቴ ላይ ነበር።» ቆም አለ። «ግራ ዓይኔ የለም፣ እማ። መቼ ነው የሄደው?»

በማግስቱ፣ እንዳለችው፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰደችው። የዓይን ሐኪሙ ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሲመረምር ቆየና በዓይን ውስጥ የሚጨምር ግፊት ነው አለ፤ ሳይታወቅ ከጎን በኩል እየበላ ይመጣል፣ የጠፋው ተመልሶ አይመጣም። ግራው ሞቷል። የቀኙ ትንሽ ቀርቷል። ጠብታ ይሰጠዋል፤ ጠብታው ያለውን ለጥቂት ጊዜ ያቆይ እንደሆን እንጂ ተስፋ አልሰጣቸውም።

«ምልክት አልነበረውም? ጉም፣ በመብራት ዙሪያ ቀለም?»

«ነበረው» አለ ንዋይ።

«በክረምቱ መግቢያ እንኳ ብትመጣ ኖሮ ይኼን ጠብታ ብቻ…» ሐኪሙ ሸዋወርቅን አየና ዓረፍተ ነገሩን ተወው።

ወደ ናዝሬት ሲመለሱ ንዋይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ከዱከም እስከ ሞጆ መስታወቱን በእጅጌው ይጠርግ ነበር። ልጇ ከአጠገቧ ነው፣ ትከሻው ትከሻዋን ይነካል፤ የለመነችው ይኼንን አልነበረም እንዴ?

በሳምንቱ፣ «ሌንሱን ለጋሽ አብዱ እንመልስለት። እኔ ምን ያደርግልኛል» አላት። አብረው ሄዱ። አብዱናሲር ሌንሱን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ወደ ብርሃን አነሳው።

«ጋሽ አብዱ» አለ ንዋይ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ሌንስ ጉም አለው?»

አብዱናሲር ሸዋወርቅን አየ። ሸዋወርቅ ደግሞ ወለሉን።

«ዝም አትበለኝ። የማላይ ነኝ እንጂ የማልሰማ አይደለሁም።»

«የለውም» አለ አብዱናሲር።

«ያኔስ?»

«ያኔም አልነበረውም፣ ልጄ።»

ንዋይ ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ። በትክክል ወደ እሷ አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ጎን፣ ከጎኗ ወዳለው ግድግዳ ነበር ያዞረው። እሷ ግን ተንቀሳቅሳ የሚያይበት ቦታ ላይ ቆመች።

«የሎሚን ልጅ አስበሽ ነው» አላት። ጥያቄ አልነበረም።

«ዙሩ ይለፍ ብዬ… ጥቂት ቀን ብዬ ነው፣ ንዋይዬ…»

«ገባኝ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ሸዋወርቅ ሰው የሚያስበውን ክፉ ሁሉ አስባ ነበር፤ ልጇ «ገባኝ» የሚላትን ቀን ግን አላሰበችም።

እጁን ዘረጋና ሌንሱን ከአብዱናሲር መልሶ ወሰደ። «እንግዲያው የኔ ነው። ደህና ዕቃ አይመለስም።»

ቤት ሲደርሱ ካሜራውን አወረደ። ሌንሱን በጣቶቹ ጥርሱን ፈልጎ ጠመዘዘው። ውስጡ ያላለቀ ፊልም ነበረ።

«ቁጭ በይ፣ እማ። መኪናሽ ጋ፣ መስኮቱ ፊት።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላነሳሽ ነዋ። ያንን ሁሉ ሙሽራ ሳነሳ አንቺን አንስቼሽ አላውቅም።»

ተቀመጠች። ንዋይ ቀለበቱን አዞረ፣ አዞረ፣ እምቢ እስኪለው። ከዚያ ወደ እሷ መጣ። በግራ እጁ ፊቷን ፈለገ፤ ፀጉሯን ነካ፣ ወረደ፣ የጣቶቹን ጫፍ ግንባሯ ላይ አሳረፈ። ክርኑን ወደ ኋላ ዘረጋ። የክርኑ ጫፍ በደረሰበት ልክ፣ የጨርቅ ጥቅል በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ደራርቦ፣ ካሜራውን አስቀመጠ። አንድ ክንድ። ጣቶቹ ግንባሯ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ሞቃት ነበሩ።

«አትንቀሳቀሺ። ዓይንሽን ግለጪ።»

ገለጠችው። ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶውን ከፎቶ ቤት የተቀበለችው እሷ ናት። መንገድ ላይ ፖስታውን አልከፈተችም። ቤት ገብታ፣ እሱ ፊት ቁጭ ብላ ከፈተችው።

የራሷ ፊት ነበር፣ ወረቀቱን ሞልቶ። በሕይወቷ እንደዚያ ጥርት ያለ ፎቶ አይታ አታውቅም። ቅንድቧ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግንባሯ ላይ ያሉት ሽብሽቦች እንደ መንገድ ተዘርግተዋል። ዓይኗ ውስጥ መስኮቱ አለ፤ በመስኮቱ ፊት ደግሞ አንድ ትንሽ ጥቁር ሰው ጎንበስ ብሎ ቆሟል። እሱ ነው። ንዋይ ነው።

«ወጣ?» አላት።

«ወጣ እንጂ።»

«እንዴት ነው?»

«ጥርት ብሏል፣ ልጄ። እንዲያው ጥርት ብሏል። አንተም አለህበት፤ ዓይኔ ውስጥ ትታያለህ።»

ንዋይ ፈገግ አለ። ልጅ ሳለ ኪኒኑን ከመዋጡ በፊት የሚያሳየው ፈገግታ ነበር።

«ማይልኝ» አላት።

ሸዋወርቅ አፏን ከፈተች። ቃሉ እዚያው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፣ ሁልጊዜ እንደሚኖረው። በከንፈሯ «ዓይኔን…» አለች፤ ድምፁ ግን አልወጣም። የተከፈተ አፏን በእጇ ከደነች። እጇ ከአፏ ወደ ላይ ሄደ፤ እሱ ጣቶቹን ያሳረፈበት ግንባሯ ላይ ቆመ።

ንዋይ ጠበቃት። ብዙ ጠበቃት።

«እሺ፣ እማ» አላት ቀስ ብሎ። «ጉም ነው ማለት ነው። ግድ የለም።»

እጁን ዘርግቶ ፎቶውን ከእጇ ወሰደው። በጣቱ ጠርዙን ዳሰሰና፣ «አልከረከምሽውም» አለ። ከዚያ በፊቱ ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።